ፊሽካው የሚነፋው ለማን ነው? የመኪና ላይ የእንስሳት ማስጠንቀቂያ በደቡብ ምዕራብ የቡና ምድር ሲመዘን

ከጅማ ተነስቶ የጎጀብን ወንዝ ተሻግሮ፣ በቦንጋ፣ በውሽውሽ፣ በሺሽንዳና በዋቻ አድርጎ ሚዛን ተፈሪ የሚገባው፣ ከዚያም በሸኮ በኩል ወደ ቴፒ የሚወርደው መንገድ ለሹፌር ፋታ አይሰጥም። ጫካው፣ የቡናው ጥላ ዛፍና የጓሮው እንሰት እስከ መንገዱ ጠርዝ ይመጣል። ዝናቡ የዓመቱን አብዛኛውን ወር ይይዛል፤ ወደ ጌጫና ማሻ ከፍታ ሲወጣ ደግሞ ጉሙ ይጨመራል። በዚህ መሃል ላም፣ ፍየል፣ የጭነት ፈረስ፣ ውሻ፣ አልፎ አልፎም ድኩላ፣ ዝንጀሮ፣ ጃርት ወይም ጥርኝ ከቅጠሉ ውስጥ ወጥቶ ከመኪናው ፊት ይቆማል። ያኔ ሹፌሩ ያለው ምርጫ መግጨት፣ ፍሬን መያዝ ወይም መሪ መጠምዘዝ ነው። ሰው የተጫነበት መኪና ገደል አፋፍ ላይ ሲሆን የመጨረሻው ከሁሉ የከፋ ሊሆን ይችላል።

ለዚህ ችግር በዓለም ገበያ ላይ ከ40 ዓመት በላይ የቆየ ርካሽ መልስ አለ፦ በመኪናው ፊት የሚለጠፍ፣ በነፋስ የሚጮህ ፊሽካ። ይሠራል ወይስ አይሠራም የሚለው ክርክርም የእቃውን ያህል ዕድሜ አለው። ክርክሩ የተካሄደው በአብዛኛው በሰሜን አሜሪካ ነው፤ የተጠናውም እንስሳ በኢትዮጵያ የሌለ ነው። ስለዚህ ማስረጃው ምን እንደሚል ማወቅ ግማሽ ሥራ ነው። ቀሪው ግማሽ ያ ማስረጃ ሚዛንና ቴፒ ሲደርስ ምን ያህሉ እንደሚጸና መለየት ነው።

እቃውና የሚባልለት

እቃው ቀላል ነው። ከአውራ ጣት ብዙም የማይበልጡ ሁለት የፕላስቲክ ቱቦዎች ፓራውልቱ ላይ በማጣበቂያ ይለጠፋሉ። መኪናው ሲሮጥ አየሩ በጠባቡ አፍ ገብቶ ያፏጫል። ባትሪም ሽቦም አይፈልግም። አውሮፓ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ ታይቶ በ1980ዎቹ መጀመሪያ አሜሪካ ገባ። እዚያ ገበያ ማግኘቱ አያስገርምም፦ በ2008 ለአሜሪካ ምክር ቤት የቀረበ ጥናት በአገሪቱ በዓመት ከ1 እስከ 2 ሚሊዮን ትልልቅ እንስሳት በመኪና እንደሚገጩ፣ ወደ 200 የሚጠጉ ሰዎችም በዚሁ ሰበብ እንደሚሞቱ ገምቷል። ከተገጪዎቹ የሚበዛው በእንግሊዝኛ «ዲር» የሚባለው አጋዘን ነው።

ሻጮቹ የሚሉት ሦስት ነገር ነው። መኪናው በሰዓት 48 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲያልፍ ፊሽካው ከ16 እስከ 20 ኪሎኸርዝ የሚደርስ፣ የሰው ጆሮ የማይይዘው ቀጭን ድምፅ ያወጣል፤ ድምፁ እስከ 400 ሜትር ይደርሳል፤ እንስሳው ሰምቶ ይነቃል ወይም ይሸሻል። «ሰው አይሰማውም» የሚለው ለሽያጭ እጅግ የተመቸ ነው። ገዢው የማይሰማው ድምፅ ይኑር አይኑር ሊመሰክር አይችልምና።

«ፊሽካው ይሠራል ወይ?» የሚለው ጥያቄ አንድ ይመስላል እንጂ በውስጡ አራት ጥያቄዎች አሉ። ፊሽካው በእርግጥ ይጮሃል? ጩኸቱ ለመኪናው ማቆሚያ በሚበቃ ርቀት ይደርሳል? የደረሰውን እንስሳው ይሰማዋል? ሰምቶስ ለሹፌሩ የሚበጀውን ያደርጋል? የእቃው ደጋፊዎች የመጀመሪያውን አሳይተው አራተኛውን እንዳረጋገጡ ይናገራሉ። ተቃዋሚዎቹም አንዳንዴ በሁለተኛው ላይ ያገኙትን ውጤት ለሦስተኛው ያውሉታል። ዳሰሳው መልክ የሚይዘው አራቱ ሲነጣጠሉ ነው።

ድምፁ የት ይደርሳል?

የኮነቲከት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2003 ባሳተሙት የድምፅ ልኬት አንዱ ዓይነት ፊሽካ 3.3 ኪሎኸርዝ፣ ሌላው ዓይነት 12 ኪሎኸርዝ አካባቢ እንደሚጮህ አገኙ። ማለትም ማሸጊያው ላይ ከተጻፈው በታች፣ የሰው ጆሮ ሊሰማው በሚችለው ክልል ውስጥ ነው። የ3.3 ኪሎኸርዙ ድምፅ ከመኪናው የራሱ የጎማና የነፋስ ጫጫታ የሚበልጠው በ3 ዴሲቤል ያህል ብቻ ነበር። መኪናው የራሱን ፊሽካ ሊውጠው ምንም አልቀረውም።

ፊሽካው እንደተባለው 20 ኪሎኸርዝ ቢጮህ ደግሞ ችግሩ ይብሳል። ቀጭን ድምፅ በአየር ውስጥ ቶሎ ይሞታል። በ20 ኪሎኸርዝ አየሩ በየሜትሩ ግማሽ ዴሲቤል ያህል ይውጣል። በ50 ሜትር ርቀት ላይ 25 ዴሲቤል በዚህ ብቻ ይጠፋል፤ ድምፅ እየተበተነ ሲሄድ የሚያጣው 34 ዴሲቤል በላዩ ይጨመራል። በተባለው 400 ሜትር ላይ አየሩ ብቻውን የሚውጠው 200 ዴሲቤል ይሆናል። ይህን አልፎ የሚሰማ ድምፅ ለማውጣት የጄት ሞተርም አይበቃም፤ የፕላስቲክ ቱቦ ከየት አምጥቶ! እዚህ ላይ ሻጩ ከሁለት አንዱን መምረጥ አለበት፦ ሰው የማይሰማው ድምፅ ነው ካለ ሩቅ አይደርስም፤ ሩቅ ይደርሳል ካለ ሰውም ይሰማዋል።

ይህ ስሌት ለገላጣ ሜዳ ነው። በሸካና በቤንች ሸኮ መንገድ ላይ ቅጠል አለ፣ ኩርባ አለ። ቅጠል ቀጭኑን ድምፅ ከወፍራሙ ይልቅ ይበትነዋል። የተራራ ኩርባ ደግሞ ድምፁን ከእንስሳው ይጋርደዋል፤ መኪናው ኩርባውን ዞሮ ሲወጣ ድምፁም መብራቱም ራሱ መኪናውም አንድ ላይ ይደርሳሉ። በዚህ ላይ ፊሽካው መጮህ የሚጀምረው በ48 ኪሎ ሜትር ከሆነ፣ ዳገት የያዘ ቡና የጫነ አይሱዙ ከነጭራሹ ድምፅ የለውም። እቃው የሚናገረው መኪናው ፈጣን በሆነበት ቦታ ብቻ ነው፤ በዚያ ቦታ ደግሞ ለእንስሳውም ለሹፌሩም የሚተርፈው ጊዜ አጭር ነው።

መስማት ሌላ፣ መሸሽ ሌላ

የቀድሞ ተቃዋሚዎች «አጋዘን ይህን ድምፅ አይሰማም» ይሉ ነበር። ይህ ክርክር አልዘለቀም። እ.ኤ.አ. በ2007 በአሜሪካ የታተመ የመስማት ምርመራ ባለ ነጭ ጅራት አጋዘን ከሩብ ኪሎኸርዝ እስከ 30 ኪሎኸርዝ እንደሚሰማ፣ ይበልጥ የሚነቃው ደግሞ ከ4 እስከ 8 ባለው ክልል መሆኑን አሳየ። ደጋፊዎች በዚህ ሊደሰቱ ይችሉ ነበር፤ ግን ሌሎቹ ጥናቶች ደስታውን አያጸኑም። በዩታ ግዛት በ1992 የታተመው ምልከታ ፊሽካ የተገጠመለትና ፊሽካው የተነሳለት መኪና በአጋዘን መንጎች አጠገብ ሲያልፍ የእንስሳቱ ሁኔታ ልዩነት እንዳላሳየ አረጋግጧል። የጆርጂያ ተመራማሪዎች ደግሞ ፊሽካውን ትተው በመኪና ላይ ድምፅ ማጉያ ጫኑና ከ0.28 እስከ 28 ኪሎኸርዝ አምስት ዓይነት ንጹሕ ድምፅ በየተራ አሰሙ። በ2009 የታተመው ውጤት ከአምስቱ አንዱም አጋዘኑን ከግጭት በሚያድን መንገድ እንዳላንቀሳቀሰው ይናገራል። በእኔ ግምት ከሁሉም ከባዱ ማስረጃ ይህ ነው። የፊሽካውን ጉድለት ከጨዋታው አውጥቶ ድምፁን ራሱን ፈትኗልና።

ለምን አይሸሹም? ድምፅ በራሱ ትእዛዝ አይደለም። ፊሽካ ለእንስሳው የተማረው ትርጉም የለውም። በቆሎ የሚጠብቅ ልጅ ማማ ላይ ሆኖ ሲጮህ ዝንጀሮው የሚሸሸው ከጩኸቱ ጀርባ ወንጭፍ መኖሩን ስለሚያውቅ ነው። ድንጋይ የማይከተለው ጩኸት ከጥቂት ቀን በኋላ ዝንጀሮውን ቀና አያደርገውም። መኪና ደግሞ ለእንስሳ ግራ የሚያጋባ ነገር ነው፤ እንደ ነብር አያደባም፣ እንደ ሰው አያባርርም፣ ከብዙ መቶ መኪኖች አንዱ ብቻ ነው የሚገድለው። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ሌላ የአሜሪካ ጥናት አጋዘን ለመሸሽ የሚነሳበት ርቀት በመኪናው ፍጥነት ልክ እንደማይጨምር አሳይቷል። ፈጣን መኪና ሲመጣ ቀደም ብሎ አይነሳም ማለት ነው።

«ይህ ሁሉ የአጋዘን ጥናት ነው፤ የእኛን እንስሳ ማን ፈተነው?» የሚል መቃወሚያ ይነሳል፤ ተገቢ ነው። ከሰሃራ በታች ባለው አፍሪካ የዚያ አጋዘን ዘር በዱር የለም። የእኛ ድኩላና ሚዳቋ በዘር ከላምና ከፍየል ጋር የሚመደቡ ናቸው። ስለ ላምና ፍየል ጆሮ ግን የቆየ ማስረጃ አለ። በተደረጉ የላቦራቶሪ ምርመራዎች ላም እስከ 35 ኪሎኸርዝ፣ ፍየል እስከ 37፣ በግ እስከ 42 ይሰማሉ። ሰው በ20 ያበቃል። ስለዚህ የሚዛን ላም ፊሽካውን፣ ቅርብ ከሆነና ከጮኸ፣ ትሰማዋለች። የሚገርመው ሌላው ውጤት ነው፦ ድምፅ ከየት አቅጣጫ እንደመጣ በመለየት ላም እጅግ ደካማ ናት። ሁለት የድምፅ ምንጮች 30 ዲግሪ ያህል ካልተራራቁ አትለያቸውም። ፍየል 18፣ ፈረስ 25 ዲግሪ ገደማ ይፈልጋሉ። ሰው አንድ ዲግሪ ይበቃዋል። መንገድ መሃል የቆመች ላም የሰማችው ጩኸት ከፊቷ ይሁን ከጎኗ እርግጠኛ ካልሆነች፣ ቆማ ጆሮዋን ማዞሯ ወይም ወደ መንጋዋ መሮጧ ከእሷ አንጻር ትክክል ነው። መንጋው ከመንገዱ ማዶ ከሆነ ግን የምትሮጠው በመኪናው ፊት አቋርጣ ነው። ድኩላ ስትደነግጥ አንዳንዴ ደርቃ ትቀራለች፣ አንዳንዴ ወደ ጥሻ ትፈተለካለች፤ ጥሻው በየትኛው በኩል እንደሆነ ሹፌሩ አይመርጥላትም። «ነቃች» ማለት «ዳነች» ማለት አይደለም፤ የነቃችም ልትገጭ ትችላለች።

የሹፌር ምስክርነት ምን ያህል ይመዝናል?

ለእቃው የሚቀርበው ዋናው ማስረጃ ጥናት አይደለም። «ከገጠምኩት ወዲህ አንድም አልገጨሁም» የሚል ቃል ነው። የጭነትና የፖሊስ መኪኖች ከመግጠማቸው በፊትና በኋላ ያለው ቁጥርም በዚሁ ስም ይጠቀሳል። ሹፌር ስለ መንገዱ ከማንም በላይ ያውቃልና ምስክርነቱን በንቀት ማለፍ አይገባም፤ ሆኖም እዚህ ላይ የሚያሳስተው የቁጥር ጠባይ ነው። አንድ ሹፌር በአማካይ በአምስት ዓመት አንድ ጊዜ ትልቅ እንስሳ ይገጫል እንበል። ፊሽካው ምንም ባይሠራ እንኳ ከ100 ገጣሚዎች ከ80 በላይ የሚሆኑት የመጀመሪያውን ዓመት ያለ ግጭት ይጨርሳሉ፤ ሁሉም በሙሉ እምነት ይመሰክራሉ። ሌላም አለ፦ ብዙ ሰው ፊሽካ የሚገዛው እንስሳ በገጨ ማግስት ነው። ከክፉ ዓመት በኋላ የሚመጣው ዓመት አብዛኛውን ጊዜ የተሻለ ነው፤ ፊሽካም ባይኖር። የገጨው ሰው ደግሞ ለተወሰነ ጊዜ ቀስ ብሎ ይነዳል። መኪናው የዳነው በፕላስቲኩ ነው ወይስ በእግሩ ብሎ የሚለይለት የለም።

«ርካሽ ነው፤ ባይጠቅም ምን ይጎዳል?» የሚሉም አሉ። የፊሽካ ባለቤቶች ይበልጥ እንደሚፈጥኑ የሚያሳይ ጠንካራ ማስረጃ ስለሌለ «ያዘናጋል» የሚለውን መልስ ከመጠን በላይ መግፋት ተገቢ አይመስለኝም። ጉዳቱ ይልቅ የሚታየው በድርጅት ደረጃ ነው። ብዙ መኪና ያለው የቡና እርሻ ወይም የትራንስፖርት ማኅበር ፊሽካ አስገጥሞ «የእንስሳት ግጭትን በተመለከተ እርምጃ ወስደናል» ብሎ ፋይሉን ከዘጋ፣ ሌላው ሁሉ አብሮ ይዘጋል።

በቡናው ምድር መንገድ ላይ ያለው ማን ነው?

የካፋ ጫካ እ.ኤ.አ. በ2010፣ የሸካ ጫካ በ2012 በዩኔስኮ የሰውና የከባቢ ሕይወት ጥብቅ ስፍራነት ተመዝግበዋል። በእነዚህ ደኖች ጉሬዛ፣ ዝንጀሮ፣ ጦጣ፣ ድኩላ፣ የዱር አሳማ፣ ነብርና ጅብ ይኖራሉ፤ ካፋ ውስጥ አንበሳም አለ። ይህን የሚያነብ የውጭ ሰው ችግሩ የዱር እንስሳ ችግር ነው ብሎ ቢያስብ አይፈረድበትም። ይሁን እንጂ በኢትዮጵያ ወደ 70 ሚሊዮን የሚገመት የቀንድ ከብት አለ፤ የደቡብ ምዕራቡም መንገድ በመንደር መካከል ያልፋል። ጠዋት ወደ ግጦሽ፣ ማታ ወደ በረት የሚሄደው መንጋ አስፋልቱን እንደ ጎዳናው ይጠቀምበታል። ደረቅ ጠርዝ በሌለበት የዝናብ ወቅት ደግሞ አስፋልቱ ለከብትም ለሰውም ከጭቃ ማምለጫ ነው።

የቡና ለቀማ ሲደርስ ሁኔታው ይለወጣል። በቴፒና በበበቃ ቆላማ እርሻዎች ቡናው ቀድሞ ይቀላል፤ ለቃሚ የጫነ መኪና፣ እሸት ቡና የሚያመላልስ አይሱዙ፣ ባጃጅና ሞተር ሳይክል በአንድ ጊዜ ይበዛሉ። እሸት ቡና ሳይበላሽ መፈልፈያ ጣቢያ መድረስ አለበትና ጉዞው ወደ ማታ ይገፋል። ምሽት ደግሞ ድኩላና ጥርኝ የሚንቀሳቀሱበት፣ ጅብም ከቀን ግጭት የቀረ ጥምብ ፍለጋ ወደ አስፋልቱ የሚወጣበት ሰዓት ነው። ቀን የተገጨ ውሻ ካልተነሳ ማታ ጅብ ያስገጫል። ዝንጀሮም መንገድ ዳር የሚቀመጠው ከመስኮት የሚወረወርለትን ሙዝና ዳቦ ለምዶ ነው። እሱን ፊሽካ ከመንገድ ያርቀዋል ብሎ መጠበቅ ከንቱ ነው፤ ለእሱ የመኪና ድምፅ የምግብ ምልክት ነው።

በሌሎች የአገሪቱ ክፍሎች ሚዛኑ ይለያል። በባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ በሚያልፈው የሳነቴ መንገድ ቀይ ቀበሮ በመኪና ተገጭቶ ሞቷል፤ በዓለም ላይ የቀሩት በመቶዎች ብቻ በሚቆጠሩበት እንስሳ ላይ አንድ ሞት ብዙ ነው። በአዋሽ ፓርክ መሃል አውራ ጎዳናውም የጅቡቲው ባቡርም ያልፋሉ፤ በዚያ መስመር ላይ ባቡር ግመልና ከብት መግጨቱ ሥራ ከጀመረበት ጊዜ አንስቶ የካሳ ጭቅጭቅ ሆኖ ቆይቷል። «እንስሳትና መንገድ» የሚባለው ነገር በአንድ እቃ የሚፈታ አንድ ችግር አለመሆኑ ከዚህ ይታያል።

ክላክሱን የሚሰማው ማን ነው?

የእኛ አገር ሹፌር ፊሽካ ባይገጥምም ድምፅ ይጠቀማል፤ ክላክስ አለው። ኩርባ ላይ ያሰማል፣ መንጋ ሲያይ ያሰማል፣ ከብቱ ካልተነሳ ይደጋግማል። ላሟ ብዙ ጊዜ ንቅንቅ አትልም። ይህ ክላክስ እንደማይሠራ ማስረጃ ይመስላል፤ ቀረብ ብሎ ላየው ግን የሚሆነው ሌላ ነው። ክላክሱ ሲሰማ የሚነሳው እረኛው ነው። ከዛፍ ሥር ወይም ከመንጋው ኋላ ያለ ልጅ ብድግ ብሎ ይሮጣል፣ ያፏጫል፣ ጅራፉን ያጮሃል፣ መሪዋን ላም በስሟ ይጠራል፤ ያኔ መንጋው ይንቀሳቀሳል። የእረኛው ፉጨት ከፕላስቲኩ ፉጨት የሚለየው በኪሎኸርዝ አይደለም። ላሟ የምታውቀው ነው፤ ካልታዘዘች የሚከተላትን ታውቃለች፤ ወዴት መሄድ እንዳለባትም ከልጁ አቋም ታነባለች።

ስለዚህ በዚህ አገር መንገድ ላይ የመኪና ድምፅ የሚሠራው በሰው በኩል ነው። ሰው የማይሰማው ድምፅ መሆኑን እንደ ብልጫ የሚቆጥረው ፊሽካ ከአድማጮቹ ሁሉ አንዱን፣ ሰምቶ ትርጉሙን የሚረዳውንና እርምጃ የሚወስደውን፣ ሆን ብሎ ይዘለዋል። ለአሜሪካ የሌሊት አውራ ጎዳና ይህ ጉድለት አይደለም፤ እዚያ እረኛ የለም። ለሸኮ መንደር ግን የእቃውን መሠረት የሚያፈርስ ነው።

ክላክስም ቢሆን ያለ ወሰን የሚደነቅ አይደለም። ያለ ምክንያት በሚጮህበት መንገድ እረኛውም እንደ ላሚቱ ይለምደዋል። እረኛ ለሌለው እንስሳ፣ ለድኩላ፣ ለባዘነ ውሻ፣ ገመድ ለበጠሰች ፍየል፣ የክላክስ ጥቅም ከፊሽካው ብዙም አይርቅም። ሕፃን እረኛ ለመንጋው ብሎ ወደ መንገድ የሚገባበትም ጊዜ አለ፤ ያኔ ድምፁ ከብት አድኖ ልጅ ለአደጋ ያጋልጣል። ይህን ሳያነሱ ክላክስን ማወደስ ልክ አይሆንም።

በድምፅ ተስፋ ያልቆረጡት

ፊሽካው ወደቀ ማለት ድምፅ ሁሉ ወደቀ ማለት አይደለም። በፖላንድ በባቡር ሐዲድ ዳር የተተከሉ መሣሪያዎች ባቡር ከመድረሱ በፊት የእንስሳትን የራሳቸውን የማስጠንቀቂያ ጩኸት፣ የውሻ ጩኸትም ጭምር ያሰማሉ። በ2015 የታተመው ጥናት እንስሳቱ መሣሪያው ሲሠራ ከሐዲዱ ቀደም ብለው እንደሚወጡ ዘግቧል። በጃፓን ደግሞ የባቡር ምርምር ተቋም የአጋዘን ፉርፉርታና የውሻ ጩኸት ከባቡር ላይ አሰምቶ፣ በሐዲድ አካባቢ የሚታየው አጋዘን ወደ 45 በመቶ እንደቀነሰ በ2018 ተነግሯል። ልዩነቱን ልብ ይሏል፦ የቀነሰው የታየው አጋዘን ነው፤ ግጭት በምን ያህል እንደቀነሰ ሌላ ጥያቄ ነው። ሁለቱም ሙከራዎች ፊሽካው የጎደለውን ሁለት ነገር ይዘዋል፤ ድምፁ ለእንስሳው ትርጉም አለው፣ የሚሰማውም አደጋ በሚመጣበት ሰዓት ብቻ ስለሆነ ለመልመድ አይመችም።

ድኩላም ስትደነግጥ እንደ ውሻ የሚመስል የማስጠንቀቂያ ጩኸት ታሰማለች። ይህ ጩኸት በሸካ መንገድ አደገኛ ኩርባ ላይ ከምሰሶ ቢለቀቅ ሌላዋ ድኩላ ትርቃለች ወይስ ባለችበት ትደርቃለች? መልሱ በሙከራ ብቻ የሚገኝ ነው፤ ለሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ በደጁ ያለ ጥያቄ ነው። ፈተናው ሹፌሩ መሣሪያው ይሥራ አይሥራ ሳያውቅ፣ ቀናቱ በዕጣ ተለይተው፣ የእንስሳው እንቅስቃሴ በካሜራ ተቀርጾ መሆን አለበት። አለዚያ እንደገና የምስክርነት ክምር ነው የሚሆነው።

ድምፅ የሌላቸው መንገዶችና ያልተቋጨው

ማስረጃው የሚበረታው ዝም ባሉት እርምጃዎች ላይ ነው። በ2016 የታተመ የብዙ ጥናቶች ማጠቃለያ አጥርና መሻገሪያ አንድ ላይ ሲሠሩ የትልልቅ እንስሳት ግጭትን 83 በመቶ እንደሚቀንሱ፣ የመንገድ ዳር አንጸባራቂዎች ግን ከምንም እንደማይቆጠሩ አሳይቷል። በኬንያ፣ በኬንያ ተራራ ሥር በናንዩኪና ሜሩ መንገድ የተሠራው የዝሆን መተላለፊያ ከ2010 መጨረሻ ጀምሮ ዝሆኖች ይጠቀሙበታል። ለካፋ ገበሬ ግን አጥር ማለት ግጦሽና ውኃ መለየት ነው፤ ከብቱ ማዶ የሚሻገርበት ቦታ ሳይታሰብ የተዘረጋ አጥር በሳምንቱ ይቆረጣል። ይልቅ የታንዛኒያው ሚኩሚ ፓርክ ይቀርበናል፤ አገር አቋራጩ መንገድ ፓርኩን ሰንጥቆ ስለሚያልፍ የፍጥነት መቀነሻ ጉብታዎች ተሠርተዋል፣ የገጨም እንደ እንስሳው ዓይነት መቀጮ ይከፍላል።

ፍጥነት ላይ ሒሳቡ ግልጽ ነው። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና፣ ሹፌሩ አይቶ ፍሬን እስኪረግጥ አንድ ተኩል ሰኮንድ ቢወስድበት፣ በደረቅ አስፋልት ለመቆም 70 ሜትር ያህል ይፈልጋል፤ በእርጥብ አስፋልት ወደ 95 ይጠጋል። በ50 ሲሄድ ደረቁ 35፣ እርጥቡ 45 ሜትር ነው። አጭሩ የፊት መብራት ከ50 ሜትር ብዙም አያልፍም። በዝናብ ሌሊት በ80 የሚነዳ ሰው የሚያየው ከሚቆምበት ግማሽ ያህሉን ብቻ ነው፤ በ50 የሚነዳው ግን ያየው ቦታ ሳይደርስ ይቆማል። ከመንገዱ ጠርዝ ጥቂት ሜትር ቁጥቋጦ መመንጠር እንስሳውን ቀደም ብሎ ያሳያል፤ ሆኖም እዚህም ያልተፈታ ነገር አለ። በዝናባማ አገር የተመነጠረው ጠርዝ በጥቂት ሳምንት ለምለም ሣር ያበቅላል፤ ለምለም ሣር ደግሞ ከብትን ወደ መንገዱ ይጠራል። የት መመንጠር፣ በምን ያህል ጊዜ ማጨድ፣ ሣሩን ለማን መስጠት የሚለው ከመሐንዲሱ ይልቅ የቀበሌው ጉዳይ ይሆናል።

ቁጥሩም የለም ማለት ይቻላል። የትራፊክ ፖሊስ መዝገብ አደጋን በሞት፣ በከባድና በቀላል የአካል ጉዳት፣ በንብረት ጉዳት ይከፍላል። ሹፌሩ ፍየል ለማዳን መሪ ጠምዝዞ ከተገለበጠ መዝገቡ ላይ የሚቀረው መገልበጡ ነው። ድኩላ ተገጭታ መኪናው ካልተጎዳ መዝገብ የሚከፍት ምክንያት የለም። ሕጉም ሁለት አቅጣጫ ይጠቁማል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2071 የእንስሳ ባለቤትን እንስሳው ከቁጥጥሩ ቢያመልጥ እንኳ ለሚያደርሰው ጉዳት ኃላፊ ያደርገዋል፤ በቁጥር 2081 ደግሞ የባለ ሞተር ተሽከርካሪ ባለቤትን ተሽከርካሪው ለሚያደርሰው ጉዳት ኃላፊ ያደርገዋል። ላምና አይሱዙ ሲጋጩ ሁለቱ ባለቤቶች ያለ ጥፋትም ተጠያቂ ናቸው። ብዙው ጉዳይ ፍርድ ቤት ሳይደርስ በሽማግሌ የሚያልቀውም ለዚህ ይሆናል። ሽማግሌዎቹ ግን የሚዳኙት ባለቤት ያለውን እንስሳ ነው። ለድኩላና ለጉሬዛ እንደ ሚኩሚው በእንስሳ ዓይነት የተተመነ መቀጮ ይውጣ ቢባል፣ ማን ይመዘግባል፣ ማን ይቀበላል፣ ሹፌሩስ ገጭቶ ከመጥፋት ይልቅ ቆሞ እንዲያመለክት ምን ያደርገዋል የሚሉት ጥያቄዎች አብረው መመለስ አለባቸው።